ልጃችሁን አንደኛ ክፍል ከማስመዝገባችሁ በፊት፦ ከአንድ የአዳማ ወላጅ

አዳማ ውስጥ ልጅን አንደኛ ክፍል ለማስመዝገብ የሚጠየቀው ወረቀት ሲቆጠር ብዙ አይደለም፤ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የኬጂ ሪፖርት ካርድ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የወላጅ መታወቂያ። እኛም ሁሉንም በአንድ ፋይል ይዘን በግንቦት 2017 ወደ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሄድን። መዝጋቢዋ የልደት ወረቀቱን ገልጣ አየች፣ በጣቷ ቆጠረች፣ ከዚያም "ይቅርታ፣ ልጁ መስከረም ላይ ገና ስድስት ዓመት ከሰባት ወሩ ነው። ሰባት የሞላውን ነው የምንቀበለው፤ ለሚቀጥለው ዓመት አምጡት" አለችን። ልጃችን ግን በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ሰባት ዓመቱን ደፍኗል። ወረቀቱን አሳርመን እስክንመለስ ቦታው ሞልቶ ነበር፤ በመጨረሻ የተመዘገበው ነሐሴ ላይ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። አሁን ደኅና እየተማረ ነው። ያ ሁሉ መንከራተት ግን ጥር ላይ አንድ ወረቀት በደንብ ብናነብ ኖሮ አይደርስብንም ነበርና፣ ሌላው ወላጅ እንዳይደርስበት የምናውቀውን እንዲህ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

ስህተቱ የተፈጠረው ቀኑ ከፈረንጅ አቆጣጠር ወደ እኛ ሲገለበጥ ነው። ሆስፒታሉ የሰጠን የልደት ማሳወቂያ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2018 ይላል። ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ የእኛ አዲስ ዓመት እስኪገባ ድረስ ከፈረንጁ ዓመት ላይ የሚቀነሰው ስምንት ነው፤ ስለዚህ ልደቱ የካቲት 13 ቀን 2010 መሆን ነበረበት። የመዘገበልን ሰው ቀኑንና ወሩን በትክክል ገልብጦ ከዓመቱ ላይ ሰባት ብቻ ቀነሰና 2011 ብሎ ጻፈው። ሰባት የሚቀነሰው ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር 31 ለተወለደ ልጅ ብቻ ነው። ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ ኦክቶበር 15 ቀን 2018 የተወለደች ልጅ ልደቷ ጥቅምት 5 ቀን 2011 ነው፣ በስህተት ስምንት ከተቀነሰ ግን 2010 ይሆንና አንድ ዓመት በነፃ ታድጋለች። በእንቁጣጣሽ ሰሞን የተወለደ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ አዲስ ዓመታችን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ አይውልም፣ ለምሳሌ 2012 የገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019 ነው። ዛሬ ማታ የልጃችሁን የልደት ወረቀትና የሆስፒታሉን ማሳወቂያ ጎን ለጎን አስቀምጡና ራሳችሁ አስሉት።

ወረቀቱ ጨርሶ ያልወጣላችሁ ካላችሁ ሥራውን ጥር ላይ ጀምሩት። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መገባደጃ ስለሆነ፣ ዛሬ በሰባት ዓመታቸው አንደኛ ክፍል የሚገቡት ልጆች ከዚያ በኋላ የተወለዱና ምዝገባው የሚመለከታቸው ናቸው። ልደት መመዝገብ ያለበት በ90 ቀን ውስጥ ነው፤ ያ ጊዜ ካለፈ ምዝገባው አይከለከልም፣ ግን የዘገየ ተብሎ ተጨማሪ ማስረጃና ክፍያ ያስከትላል። የሚመዘገበውም ልጁ በተወለደበት ሳይሆን ወላጆቹ በሚኖሩበት ቀበሌ ነው። አዲስ አበባ ወይም አሰላ ሄዳችሁ ወልዳችሁ አዳማ የምትኖሩ ከሆነ የምትሄዱት እዚሁ ቀበሌያችሁ ነው፤ ይህን ባለማወቅ ወደ ተወለደበት ከተማ የሚመላለስ ወላጅ አለ። የሁለታችሁን መታወቂያ፣ የሆስፒታሉን ወይም የጤና ጣቢያውን የልደት ማሳወቂያ፣ የልጁን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ከተቻለ እናትም አባትም አብራችሁ ቅረቡ።

እርማት ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። የፊደል ግድፈት ቶሎ ይታረማል፤ የልደት ዓመት መቀየር ግን መዝጋቢዎቹ ወላጅ ሁሉ ዕድሜ የሚያስተካክል ስለሚመስላቸው በጥርጣሬ ነው የሚታየው፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ የሚጠየቅበትም ጊዜ አለ። እኛን ያዳነን የክትባት ካርዱ ነው። የሆስፒታሉን ማሳወቂያ ብቻ ይዘን ስንሄድ "ይህ አይበቃም" ተባልን፤ ካርዱን ጨምረን ስንመለስ ግን ክርክሩ አለቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ክትባት የሚሰጠው በዕድሜ ተሰልቶ ነው። የመጀመሪያው እንደተወለደ፣ ቀጣዮቹ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ የኩፍኝ ደግሞ በ9 ወር። እያንዳንዱ ቀን በጤና ባለሙያ እጅ ተጽፎ ካርዱ ላይ አለ። በ2010 መጋቢት መጨረሻ የስድስት ሳምንት ክትባት የወሰደ ልጅ በ2011 ሊወለድ አይችልም። ስለዚህ ያን ካርድ ክትባቱ አለቀ ብላችሁ አትጣሉት፤ ፎቶ አንሡትና ስልካችሁም ላይ ይኑር። እርማቱ እኛን ስድስት ሳምንት ፈጅቶብናል። ግንቦት ላይ ለጀመረ ሰው ስድስት ሳምንት ማለት ምዝገባ ማለፍ ነው፣ ጥር ላይ ለጀመረ ግን ምንም አይደለም።

ቀኑን ስታዩ ስሙንም እዩ። እዚህ ወረቀቱ በቁቤም (አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል) በእንግሊዝኛ አጻጻፍም ስለሚሞላ አንዱ ስም ሁለት መልክ ይይዛል። ጫላ የሚለው ስም በቁቤ በሲ ይጀምርና ሁለቱም ኤ ይደረባሉ፤ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ግን በሲና በኤች ይጀምራል፣ ኤውም አይደረብም። ኬጂው በአንደኛው፣ ቀበሌው በሌላኛው ከጻፈ ወረቀቶቹ የሁለት ልጅ ይመስላሉ። የአባትና የአያት ስም ላይም እንዲሁ ነው። በልደት ወረቀቱ ላይ ያለውን አጻጻፍ መሠረት አድርጉና ኬጂው የመጨረሻውን ሪፖርት ካርድ ከማተሙ በፊት፣ ማለትም ሰኔ ሳይገባ፣ በዚያው ልክ እንዲያስተካክልላችሁ ጠይቁ።

እዚህ ላይ ስለ ዕድሜ የማምንበትን በግልጽ ልናገር። ብዙ ወላጅ ልጁን በሦስት ዓመቱ ነርሰሪ ያስገባዋል፤ ነርሰሪ፣ ኤልኬጂ፣ ዩኬጂ ብሎ ሲጨርስ ስድስት ዓመቱ ነው። አንድ ዓመት ይጎድላል፤ ያን ጊዜ ነው "ዕድሜውን ጨምሩለት" የሚባለው። እባካችሁ አታድርጉት። ዛሬ የምትጨምሩት ዓመት ስምንተኛ ክፍል ላይም፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይም፣ ፓስፖርት ላይም ይከተለዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የልጁ እጅ አልደረሰም። የስድስት ዓመት ልጅ ፊደሉን ሊያውቀው ይችላል፤ ግን ከሰሌዳ አራት መስመር ገልብጦ ሳይጨርስ ሰሌዳው ይጠፋበታል፣ ደብተሩ ባዶ ሆኖ ይመለሳል፣ "ሰነፍ" ይባላል። ሰነፍ አይደለም፤ ጣቶቹ ናቸው ያልጠነከሩት። ኬጂ የሚገባበት ጊዜ ገና ከሆነ በአራት ዓመቱ አስጀምሩት። ቀድሞ ጀምሮ ከሆነ ደግሞ ዩኬጂን ይድገም ወይም በመንግሥት ትምህርት ቤት ዜሮ ክፍል ገብቶ አንድ ዓመት ይቆይ። አዲሱ የትምህርት ፖሊሲም የሚለው ሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ፣ ከዚያ በሰባት ዓመት አንደኛ ክፍል ነው።

የማስተማሪያ ቋንቋ። አዳማ ላይ ከሁሉም በላይ ልታስቡበት የሚገባው ይህ ነው፤ እኛ ግን ጎረቤት ምን አደረገ ብለን ልንወስን ነበር። በከተማችን በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ አሉ፣ በአማርኛ የሚያስተምሩም አሉ። አንደኛ ክፍል ላይ ሒሳቡም አካባቢ ሳይንሱም በተመረጠው ቋንቋ ነው፤ እንግሊዝኛ እንደ አንድ ትምህርት ነው የሚሰጠው። ሦስት ነገር ጠይቁ። ልጁ ሲጣላና ሲያለቅስ አፉ የሚፈታው በየትኛው ነው? ማታ የቤት ሥራ የሚያሠራው ሰው በየትኛው ማንበብ ይችላል? የመረጣችሁት ቋንቋ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍልም ልጁ ሊደርስበት በሚችል ርቀት ይገኛል? ሦስተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ ልጁ ስድስተኛ ክፍልን ሲጨርስ ግን መሃል ከተማ ድረስ ሁለት ታክሲ መያዝ ይመጣል።

በአማርኛና በእንግሊዝኛ ኬጂ የተማረ ልጅ በአፋን ኦሮሞ ሊቀጥል ከሆነ፣ ይቻላል፤ በተለይ ሰፈር ውስጥ በቋንቋው የሚጫወት ከሆነ ፈጥኖ ይለምዳል። የሚያደናግረው ፊደሉ ነው። ቁቤ ቅርጹ የእንግሊዝኛው ሆኖ ድምፁ ሌላ ነው፤ ኤክስ "ጠ" ሆኖ ይነበባል፣ ሲ "ጨ"፣ ኪው "ቀ"፣ ዲና ኤች ሲገጥሙ ደግሞ "ዸ"። አናባቢ አንድ ከሆነ ድምፁ ያጥራል፣ ሲደረብ ይረዝማል፣ ትርጉሙም ይለወጣል፤ "ለፈ" መሬት ነው፣ "ላፋ" ግን ለስላሳ። ክረምቱን በእነዚህ ላይ ብቻ በቀን 15 ደቂቃ ብትሠሩ መስከረም ላይ ግማሹ ሸክም ይቀልለታል። እኛ ቤት ማታ የምታስጠናው አያቱ ስለሆነችና የምታነበው አማርኛ ብቻ ስለሆነ አማርኛውን መረጥን። የእናንተ ቤት መልስ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ትምህርት ቤት ልታዩ ስትሄዱ ቅዳሜ አትሂዱ። በትምህርት ቀን፣ በዕረፍት ሰዓት ሂዱ። መጀመሪያ የትንንሾቹን ሽንት ቤት እዩ፤ ውሃ አለ ወይ፣ በሩ ከውስጥ ይዘጋል ወይ፣ የሴትና የወንድ ተለይቷል ወይ። ከዚያ የአንደኛ ክፍልን ክፍል ግቡና ጣሪያውን ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ በአዳማ ፀሐይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ፈረቃ ያለበት ትምህርት ቤት ከሆነ ለዚህ ዕድሜ የጠዋቱን ለምኑ፤ ከሰዓት በኋላ የሚማር ልጅ ምሳ በልቶ፣ በሙቀት ደክሞ ነው የሚገባው፣ ብዙዎቹ ጠረጴዛው ላይ ይተኛሉ። በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንዳለም ጠይቁ፤ ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ 50 ነው፣ ከዚያ ካለፈ መምህሯ የእያንዳንዱን ደብተር ለማየት ጊዜ አይኖራትም። አንደኛ ክፍልን ማን እንደሚያስተምርም እንዲሁ። ሁሉንም ትምህርት የምታስተምር አንዲት መምህርት ብትሆን ለትንሽ ልጅ ይሻለዋል፤ ለአንድ ሰው ቶሎ ይለምዳል። መንገዱን ደግሞ በእግራችሁ ሂዱበት፤ የጅቡቲ ከባድ መኪና የሚያልፍበትን አስፋልት የሚያሻግር ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ልጁ ብቻውን የሚሄድበት ቀን ሩቅ ነው።

የግል ከሆነ ገንዘቡን በአንድ ቁጥር አትጠይቁ። የመመዝገቢያ ስንት ነው፣ ባንገባ ይመለሳል ወይ? ወርኃዊው የሚከፈለው ለአሥር ወር ነው ወይስ ለአሥራ ሁለት? መጽሐፍ፣ ዩኒፎርም፣ የስፖርት ልብስ ውስጡ አለ ወይስ ለብቻ? የግሎቹ ምዝገባ ብዙ ጊዜ ከሚያዝያ ጀምሮ ስለሆነና ቦታ ቶሎ ስለሚሞላ ወላጅ ተጣድፎ ይከፍላል፤ የመመዝገቢያ ክፍያ ግን በአብዛኛው አይመለስም። እኛም ሁለተኛ ምርጫችን ብለን የያዝነው ቦታ ላይ የከፈልነው እንደወጣ ቀርቷል። በባንክ ስትከፍሉ ምክንያት በሚለው ላይ የልጁን ሙሉ ስም ከነክፍሉ አስጽፉ፣ ደረሰኙንም እስከ ሰኔ አስቀምጡ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ትምህርቱ በነፃ ነው፤ ዩኒፎርምና ደብተር ግን የእናንተ ነው፣ ወላጆች ተስማምተው የሚያዋጡትም ሊኖር ይችላል።

ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ልጁን ለብቻው ያነጋግሩታል። የሚጠይቁት ስሙን፣ ቀለም፣ ከአንድ እስከ ሃያ ወይም ከዚያ በላይ መቁጠር፣ ጥቂት ፊደል፣ ስሙን መጻፍ ነው። በእጁ በራሱ ላይ አሳልፎ የማዶውን ጆሮ እንዲነካ የሚያደርጉም አሁንም አሉ፤ ይህ የልደት ወረቀት ባልነበረበት ጊዜ ዕድሜ የሚገመትበት ዘዴ ነበር። ጆሮው መነካቱ የሚያሳየው የእጁን ርዝመት ነው፣ አጭር ልጅ ሰባት ሞልቶትም ላይደርስለት ይችላል፤ በዚህ ብቻ "አልደረሰም" ከተባላችሁ ወረቀቱን በትሕትና አሳዩ። ልጁ የሚወድቀው ባለማወቁ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከእናቱ ተለይቶ ከማያውቀው ሰው ጋር በመቀመጡ ነው። ሳምንቱን ሱቅ ልካችሁ ራሱ እንዲጠይቅ፣ እንግዳ ሲመጣ ራሱ ስሙን እንዲናገር አለማምዱት። "ፈተና አለብህ" አትበሉት፤ "አዲሷን መምህርት ልንጠይቃት ነው" በሉት።

የመንግሥቱ ምዝገባ ብዙ ጊዜ ነሐሴ ውስጥ ነው። ማስታወቂያው የሚለጠፈው በር ላይ ስለሆነ ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን ዝናብም ቢሆን በዚያ እለፉ። በመጀመሪያው ቀን ሂዱ፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ለአካባቢው ነዋሪ ስለሆነ የቀበሌ መታወቂያችሁ የታደሰና አሁን ያላችሁበትን አድራሻ የሚያሳይ ይሁን። በቅርቡ ቤት ቀይራችሁ መታወቂያው የድሮውን ቀበሌ የሚል ከሆነ ያ ለብቻው ይመልሳችኋል። ጉርድ ፎቶ ስድስት አሠሩ፣ ከየጀርባውም ሙሉ ስሙን በእስክሪብቶ ጻፉ፤ ፎቶ ከፋይል ሲወድቅ የማን እንደሆነ አይታወቅምና። ከሁሉም ወረቀት ሁለት ሁለት ኮፒ ያዙ፣ ዋናውን አሳይታችሁ ኮፒውን ስጡ እንጂ ዋናውን ትታችሁ አትውጡ። ከሌላ ከተማ የመጣችሁ ከሆነ የቀድሞው ኬጂ መሸኛ ሐምሌ ሳይገባ ይውጣ፤ ክረምት ላይ ርዕሰ መምህር ማግኘት ከባድ ነው፣ ማኅተሙ ደግሞ እሳቸው ጋ ነው ያለው።

ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ያለው ክረምት የጥናት አይሁን። 231ዱን ፊደል ካላስሸመደድኩ ብለን ሐምሌን በሙሉ አስጨነቅነው፤ መስከረም ላይ መምህሯ ከሀ ጀመረች። ይልቅ እጁን ሥራ አስይዙት፤ ሊጥ ያቡካ፣ ሽሮ ለመፍጨት ሲዘጋጅ አተር ይልቀም፣ በመቀስ ወረቀት ይቁረጥ። ሱሪውን ራሱ ፈትቶ ራሱ ይቆልፍ። ምሳ ዕቃውን ራሱ ይክፈት፣ ኮዳውንም ሳያፈስ ይዝጋ፤ ቤት ውስጥ የምትከፍቱለት ክዳን ትምህርት ቤት የሚከፍትለት የለም፣ ተርቦ የሚመለሰውም በዚህ ነው። ጫማው ማሰሪያ የሌለው ቢሆን ለመጀመሪያው ዓመት ይቀላል።

በባጃጅ የሚሄድ ከሆነ ከሹፌሩ ጋር መስከረም ሳይብት ተስማሙ። ስንት ልጅ እንደሚጭን በቁጥር አስነግሩት፤ ከሹፌሩ ጎን ልጅ እንዳይቀመጥ አጥብቃችሁ ንገሩት፣ እዚያ ምንም የሚይዘው የለም። ልጁን በር ላይ ለማን እንደሚያስረክብ፣ ሲመለስ ቤት ሰው ባይኖር የት እንደሚያደርስ ይወሰን። የመጀመሪያውን ሳምንት አንዳችሁ አብራችሁት ሂዱ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለቅሳል። በር ላይ ስማችሁት፣ የምትመለሱበትን ሰዓት ነግራችሁ ሂዱ፤ መስኮት ላይ ቆማችሁ አትዩት። እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ ይጠፋል፤ ስሙን በፕላስተር ለጥፉበትና እርሳስ በደርዘን ግዙ፣ አትቆጡት። ጥቅምት አካባቢ ከሰሌዳ ሲገለብጥ መስመር እየዘለለ ወይም ዓይኑን እያጨነቆረ ከሆነ መምህሯን ፊት እንድታስቀምጠው ለምኑ፣ ዓይኑንም አስመርምሩ። የጆሮም እንዲሁ፤ ስትጠሩት ሁለት ሦስቴ ካልሰማ "ስለማያዳምጥ ነው" አትበሉ።

ጥር ላይ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሪፖርት ካርድ ሲመጣ ደግሞ ደረጃውን ከማየታችሁ በፊት ከላይ የተጻፈውን አንብቡ። ስሙ ከልደት ወረቀቱ ጋር በፊደል ይገጥማል? ዕድሜው ትክክል ነው? በእኛ ካርድ ላይ ዓመቱ ትክክል ሆኖ የአያቱ ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል፤ በማግሥቱ ሄደን መዝገቡ ላይ ጭምር አስተካከልን፣ አምስት ደቂቃ ነው የፈጀው።